በጥድ ሸለቆ አራቱ መካከል

በመዘምራን ቡድን ውስጥ እንደ መካከለኛው ድምፅ ዕድለ ቢስ የለም። ቀጭኑን ድምፅ ለሚይዘው ለዴልማስ ሴቶቹ ይሳሱለታል፤ ወፍራሙን የሚይዘውን ቶሊን ልጆች እየተከተሉ ድምፁን ያስመስላሉ፤ ዜማውን የሚመራው ታላቅ ወንድሜ ኦሪን ደግሞ የሚያደንቀው ቢጠፋ ራሱን ያደንቃል። እኔ ቬርሎን መካከል ላይ ነኝ። «የጥድ ሸለቆ አራቱ» ተብለን ሃምሳ አንድ ዓመት የቨርጂኒያንና የቴነሲን ተራሮች ስንዞር፣ ቅዳሜ በየባዛሩ ስለከዳች ሚስት ዘፍነን እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ ስለማይከዳ ጌታ ስንዘምር፣ «ያንተ ድምፅ ደስ ይላል» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት ሐኪም ጉሮሮዬን አየና፣ «ስድስት ወር አንዲት ዜማ እንዳታወጣ፤ አለዚያ መናገሩም ይቀርብሃል» አለኝ። ለኦሪን ብነግረው በማግስቱ የሚስቱን ወንድም በቦታዬ እንደሚያቆም ስለማውቅ ነገሩን ዋጥ አደረግኩት። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሜ አፌን ብቻ ማንቀሳቀስ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ንዴት መጣ፤ ልብ ያለ ሰው የለማ! ስለዚህ መዝሙር መካከል ውሃ ጠጣሁ። ምንም። ከኪሴ የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ አውጥቼ ጋጥኩ። ምንም። አንድ ባዛር ላይ ለሕዝቡ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፤ የአገሩ ጋዜጣ «አራቱ ድምፆች እንደዚህ ገጥመው አያውቁም» ብሎ ጻፈ። ኦሪን አውቶቡሳችን ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበልን።

«አየህ ቬርሎን? ስትሠራ እንዲህ ነው!»

«ምን ሠራሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ ቀጥልበት።»

ሃምሳ አንድ ዓመት በከንቱ ነው የጮኽኩት ማለት ነው? ይህን ሳላጣራ አልሞትም አልኩ።

አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የተበተኑ ልጆቿን ሰብስባ ሜዳ ላይ ምሳ በምታበላበት እሑድ እንደየዓመቱ ተጋብዘን ነበር። ሦስተኛው መዝሙር እንደተጀመረ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከመድረኩ ወረድኩ። የፊተኛው አግዳሚ ላይ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው ከወይዘሮ ዜልፋ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው ጠጋ አሉልኝ እንጂ ቀና ብለውም አላዩኝ። ኦሪን ጭራሽ ባዶውን ማይክሮፎን ዞሮ አየና ፈገግ አለለት፤ ለእኔ እንኳን እንዲህ ፈገግ ብሎልኝ አያውቅም።

አዝማቹ ላይ ሲደርሱ የሦስቱ ድምፅ ገጠመ። ያኔ በመካከላቸው አራተኛ ድምፅ ሰማሁ። ከማንም አፍ አይወጣም፤ ግን አለ። ቃሉ ሊያልቅ ሲል ትንሽ ይዘገያል፣ ከአባታችን የወረስኩት መንቀጥቀጥ አለው። የኔው ነው! ሃምሳ አንድ ዓመት ስዘምር ከውጭ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንዴት እንደሚያምር! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ወይዘሮ ዜልፋ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«ያንን መካከለኛውን ሰማኸው? ባሌ ከሞተ ጀምሮ እዚህ የምመጣው ለሱ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ እማማ!» አልኳቸው። «የኔ ድምፅ ነው!»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በል አንተ ልጅ! እሱን እንስማው።»

እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው አዳመጥኩ።