ግራው ድምፅ

ከመሀል ወደ ዳር ነው፣ ቀጥ አድርጎ፣ ማዞር የለም፣ ያዞረ ሰው ዲስኩን ገደለው ማለት ነው፣ ስማቸው ይህን ስንቱን ደንበኛ አስተምሯል፣ ዛሬ ግን የገዛ እጁ አልታዘዝ ብሎ ይዞርበታል፣ ጥጥ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ሳሙናው ላይ ትንፋሽ፣ ከዚያ እሽት፣ ቀስ፣ ቀስ እንጂ አንተ፣ ቆዳ አይደለም የምትፍቀው። ከቀዳዳው ተነስታ እስከ ዳር የምትሄደው ጭረት ምንም አይደለችም፣ ዴኩ ይዘላታል። የከፋችው ክቡን ተከትላ የምትዞረው ናት። የሽቦ ሥራ። የባለጋሪው የነጋ ሽቦ።

እናቱ ስድስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች፣ ቅዳሜ ስለሆነ የአዘና ሚኒባስ ቶሎ ይሞላል፣ ምናልባት አምስት ተኩል፣ ምናልባት አሁን። እሁድ የወንድምህ ሙት ዓመት ነው አለችው በስልክ፣ እማ ደጊቱ፣ ስታለቅስ እንኳ ድምፅዋን የማትሰብር ሴት፣ የሚበላው የሚጠጣው ተዘጋጅቷል፣ ግን አስቀድሜ ድምፁን ልስማ፣ ፎቶውማ አለኝ፣ ፎቶ አይናገርም፣ አንተ ፊልም ላይ ሲያወራ ቀድተኸዋል አሉኝ፣ እውነት ነው? እውነት ነው አላት። አፉን ሞልቶ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ጉዱ የፈላ፣ ዳንግላ ላይ የፊልም ዘር ተሰብስቦ በሚገኝበት በዚህ ሱቅ፣ እስከ ጣሪያ በተደረደረ ዲስክ መሀል፣ የውቤ ድምፅ ያለበት አንድም የለም።

ውቤ። እንጅባራ መናኸሪያ ጀርባ በነበረው ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተረጉም፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ተርጓሚ፣ አዎ፣ የማያውቅ፣ ከተዋናዩ ፊት እያነበበ ነው የሚተረጉመው፣ ሽጉጥ የያዘው ሲቆጣ፣ ድንበሬን ገፍተህ ገብስ ዘራህበት ያስብለዋል፣ ሴትዮዋ ስታለቅስ፣ ለሰርጌ ያልመጣህ አሁን ምን ልትሠራ መጣህ፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ ጥይት ሲበዛበት ደግሞ በአዊኛ ይሳደባል፣ ያን ጊዜ አግዳሚው ሁሉ ብድግ። አንድ እሁድ ስማቸው ከማይኩ ሽቦ ስቦ ኮምፒውተር ላይ ቀዳው፣ በግራው ድምፅ ማጉያ ውቤ፣ በቀኙ ፊልሙ፣ ለየብቻ ጥርት ብሎ ይሰማል ብሎ፣ ብልሃት መስሎት። አባዛው። ተወደደ። ሰው በየቤቱ ሰርግ እንዳለበት ይስቅ ነበር።

ከዚያ ሰፋፊው ቴሌቪዥን መጣ፣ ወንበር የሚያህል ስፒከር መጣ፣ ሰዉ ጥራት የሚል ቃል ለመደ። ደንበኛው መምህር ዓለምነው ዲስኩን ባንኮኒው ላይ ወርወር አድርጎ፣ ስማ እንጂ ስማቸው፣ ሄሊኮፕተሩ ሲያልፍ ቤቴ መንቀጥቀጥ ነበረበት፣ የሚንቀጠቀጠው የወንድምህ ጉሮሮ ነው፣ ጥይቱን ላዳምጥ ወይስ እሱን? እውነቱን ነው፣ ምን ውሸት አለው፣ ፊልም ለማየት ለከፈለ ሰው እውነቱን ነው። ስማቸው አፈረ። በወንድሙ አፈረ። ዛሬ ነው እንዲህ የሚለው፣ ያኔማ ለሙያዬ ተጨነቅሁ ይል ነበር።

ከዋናው ቅጂ ላይ ግራውን አጠፋ። ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ፣ አለቀ፣ ሰው እንዲህ በቀላሉ፣ የቀኙን በሁለቱም በኩል አደረገው፣ ፍንዳታው መደርደሪያውን ነቀነቀ፣ ደስ አለው፣ ኧረ በጣም ደስ ብሎት ነበር፣ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ጻፈ፣ ጥርት ያለ ቅጂ፣ ያለ ጩኸት።

ያለ ጩኸት። ምን ቆርጦት ጻፈው።

ውቤ ከእንጅባራ በመጣ ቀን ሽፋኑን አነሳ፣ አነበበው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አነበበው። ጩኸቱ እኔ ነኝ? ሳቀ። ያን ሳቁን ስማቸው እንደ ሳቅ ወሰደለት፣ ንግድ ነው ወንድሜ፣ ሰው ጥራት ይፈልጋል፣ አንተ ፊልሙን ታበላሸዋለህ። ታበላሸዋለህ፣ አላለም እንዴ፣ ብሏል፣ በዚሁ ባንኮኒ ላይ፣ ደረሰኝ እየቀደደ። ውቤ ዲስኩን ቦታው መለሰው፣ አስተካክሎ፣ ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርጎ። ቪዲዮ ቤቱ በሁለት ወሩ ተዘጋ፣ ሁሉም በየቤቱ ያያል፣ ማን አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ውቤ በመተማ ድንበር ተሻገረ፣ የሰሊጥ ሥራ፣ ንዳድ፣ ሦስት ቀን፣ እዚያው ቀበሩት። ሞቱን ሊነግር የደወለው ሰው ስሙን እንኳ በትክክል አልጠራውም።

የውቤ ድምፅ ያለባቸውን አሮጌ ቅጂዎች ደግሞ ስማቸው ለባለጋሪዎች አደለ፣ ከጋሪ ኋላ በሽቦ ሲታሰሩ የመኪና መብራት ይመልሳሉ። ቸርነት መስሎት! እናቱ ከደወለች ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ጋሪ እያስቆመ ጀርባውን ሲያነብ ሰነበተ፣ ነጋ ልጓሙን ይዞ፣ ጋሼ ስማቸው፣ ፈረሱ በወዲያ በኩል ነው፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው? ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ የገዛ እጅ ጽሑፉ፣ ፀሐይ የበላው፣ ውቤ ትርጉም። ፈታልኝ አለው። ነጋ ሽቦውን በጉጠት ሲጠመዝዝ ዲስኩ አብሮ ዞረ፣ አንድ ሙሉ ዙር፣ ኪርርር፣ ስማቸው ጥርሱን ነከሰ።

እንደምን ዋልክ ልጄ።

ደረሰች። ጥላዋን በሩ ላይ አስደገፈች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ውሃ አልፈልግም፣ ምሳም አልፈልግም፣ ክፈተው። ጉንጩን ስማ ወዲያው እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ሁሉ። ይንገራት? እማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እማ፣ ጩኸት ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ከዚህ በኋላ ነገ ድንኳኑ ውስጥ በምን ዓይኗ ታየዋለች። አይነግራትም። ዲስኩን ሰጠው ለዴኩ፣ ዴኩ አጉረመረመ፣ ዲስክ የለም አለ። አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መለሰ። ዲስክ የለም። ሦስተኛ። እባክህ፣ እባክህ እንጂ።

ምስሉ መጣ፣ ብትንትን ያለ፣ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን፣ የመኪናው ግማሽ እዚህ ግማሹ እዚያ፣ በቀኙ ፍንዳታ፣ ጥይት፣ የጎማ ጩኸት። ግራው ጭጭ።

የታለ?

አንድ ጊዜ እማ፣ ይመጣል። አይመጣም፣ ተበልቷል፣ ፀሐይ በልቶታል፣ ከጋሪው ኋላ የመኪና መብራት ሲበላው ከርሟል፣ ዴኩን ዞሮ አየ፣ ቀዩ ሽቦ ተሰክቷል፣ ነጩ ወለል ላይ ወድቆ አቧራ ለብሷል። የግራው ሽቦ። ግራና ቀኙ አንድ ከሆነ ወዲህ ለምን ይሰካዋል፣ ከዓመት በላይ ሳይሰካው ነው የኖረው። ተንበረከከ፣ ጫፉን በጣቱ ጠረገና ሰካው።

ይሰማል?

እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ይሰማል? ስማቸው፣ ይሰማል ወይ?

ማይኩ መሀል ላይ ተቋርጦበት ነበር ያን እሁድ፣ ረስቶታል፣ ውቤ ፊልሙን ትቶ ወደ እሱ ዞሮ ጠየቀው፣ እሱ ደግሞ ቀረጻው እንዳይበላሽ ብሎ ቃል ሳይተነፍስ አውራ ጣቱን ብቻ ቀሰረለት፣ ለጥራቱ ብሎ፣ ዲስኩ ላይ መልስ የለም፣ ጥያቄው ብቻ፣ አሁን ደግሞ ያች ክብ ጭረት ያዘችው፣ ይሰማል ወይ፣ ስማቸው፣ ይሰማል ወይ፣ ስማቸው፣ መኪናው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል፣ እጁ ማሳለፊያ ቁልፉ ላይ ነው፣ አንዴ ቢጫነው ይሻገራል፣ ወይም እስከ ወዲያኛው ይጠፋል፣ አይጫነውም፣ ናፈቀው፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንዲህ የናፈቀው ዛሬ ነው።

ይሰማል፣ አለች እማ ለቴሌቪዥኑ፣ ቀስ ብላ፣ ይሰማል ልጄ፣ በደንብ ይሰማል።

ይሰማል ወይ፣ ስማቸው።

ዞር ብላ አየችው፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ ምነው ዝም አልክ፣ እኔን አይደለም እኮ የሚጠይቀው፣ አንተን ነው፣ መልስለት እንጂ።

ይሰማል ወይ፣ ስማቸው፣