ጠጠር የሌለበት ዘፈን

«ከዳሁ!» አለች ልጅቱ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። «አባዬ፣ ዛሬ ከዳሁ!»

አባቷ ታክሲ ሲነዳ ውሎ፣ ያበጠ እግሩን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። አንዱን እግሩን ቀስ ብሎ ከሳፋው አወጣ።

«ማንን?»

«ዘፈኔን ነዋ!»

«ዘፈንሽን ከዳሽው?»

«ኧረ አይደለም! ከ… ከዳሁ! ስቱዲዮ ገብቼ!» አለችና ቡጢዋን እንደ ማይክ አፏ ላይ ደቀነች።

«ቀዳሁ በያ! ቀ! አንቺ ልጅ ልቤን ሰቀልሽው እኮ። የማንን በር አንኳኩቼ ይቅርታ እንደምጠይቅ ሳስብ ነበር።» ሳቀና እግሩን መለሰ። እናትየውም አጠገቡ ሆና አንዴ የሱን፣ አንዴ የልጇን አፍ ስታይ ቆየችና እሱ ሲስቅ አብራ ሳቀች። ምን እንደተባለ ግን አንዲት ቃል አልሰማችም።

ልጅቱ አልሳቀችም። «ቀ» ከአፏ አልወጣ ካለቻት ሰንበትበት ብሏል።

የቤት ስሟ ጠጠር ነው። ቤተሰቡ ወደዚህ የሰው አገር የገባ ቀን መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ አልነሳም ስላለች እናቷ ያወጣችላት ስም ነው። እዚያው የነበረ ዘበኛ መጥቶ ቢያባብላት፣ ሌላው ቢቆጣት ወይ ፍንክች። «ይቺ ልጅ አይደለችም፤ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ናት» አለች እናትየው፤ ስሙም እንደ ቀልድ ጸና።

እናትየው ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘች። እርጥቡን አንሶላ እየዘረጋች ግዙፉ መተኮሻ ማሽን ውስጥ ታስገባለች። ጠጠርን ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ትቀመጣለች። ማሽኑ ሲያጓራ ሰው ከሰው የሚደማመጠው በጩኸት ነው። እናቷም የራሷን የሥራ ዘፈን ፈጥራ ትጮኸዋለች፦ «ጠቅልዪው፣ ጭመቂው፣ ሳይቀዘቅዝ እጠፊው!» ጠጠር እየጮኸች ትቀበላለች። የድምፅ ትምህርት ቤቷ ይኸው ነበር። ያጨበጨበላት ባይኖርም ያስቆማትም የለም፤ ለጀማሪ ይሄም ትልቅ ነገር ነው።

ማሽኑ ግን የእናትየውን ጆሮ በጥቂት በጥቂቱ ወሰደው። መጀመሪያ የበር ደወል ጠፋባት፣ ቀጥሎ የባሏ ቁጣ። ይሄኛው እንኳ ብዙም አልጎዳትም። የልጇ ዘፈን መራቅ ሲጀምር ግን አላስችል አላት። አንድ ቀን መዳፏን የጠጠር ጉሮሮ ላይ ለጠፈችና «በይ ዝፈኚ» አለቻት። «ጠ» ስትመጣ ጉሮሮዋ ዘለል ይላል፤ «ቀ» ስትመጣ ወደ ላይ ገፋ ያደርጋል፤ «ጭ» ስትመጣ እንደ ዓሣ ይወራጫል። እናትየው ዘፈኑን በዚያ ዝላይ ተከተለችው። ሲያልቅም «ሰማሁሽ» አለች። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ስትዘፍን ሌላ ነገር አልፈለገችም፤ ይቺ መዳፍ «ሰማሁሽ» እንድትላት ብቻ።

አንድ ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ስትዘፍን ያገኛት ፕሮዲዩሰር ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለመጥላት ይመቻል።

«ድምፅሽ ወርቅ ነው» አላት። «ግን ጠጠር አለበት።»

ስሜን ማን ነገረው ብላ ደነገጠች። እሱ ያለው ሌላ ነው። የአገሩን ቋንቋ ስትዘፍን እንኳ የቤቷ ፊደሎች፣ እነ «ጠ»፣ እነ «ቀ»፣ እየሾለኩ ይገባሉ።

«ማይኩ ላይ ይፈነዳሉ። የሰማሽ ሁሉ የየት አገር ልጅ ናት ብሎ ይጠይቃል። እኔ የምፈልገው እንዲጨፍር ነው እንጂ እንዲጠይቅ አይደለም።»

«ስቱዲዮ ስገባ እተዋቸዋለሁ።»

«እዚህ ብቻ ከተውሻቸው ተመልሰው ይመጣሉ። ቤትም፣ መንገድ ላይም፣ በሕልምሽም ተያቸው።»

ተወቻቸው። ሩዝ እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ ለቅማ ጣለቻቸው። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አንድ ቀን «አከራዩ መታ!» ብላ ብትገባ አባቷ «ማንን አባቱ ነው የሚመታው!» ብሎ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ምስኪኑ አከራይ የመጣው የሚያፈስ ቧንቧ ሊያይ ነበር።

ዘፈኑ ወጣና ከተማውን አጥለቀለቀው። ፀጉር ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ አውቶቡሱም እሱን ያሰማል። ፖስተሩ ላይ የተጻፈላት አዲስ ስም ከረሜላ የሚመስል፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። አባቷ ታክሲው ውስጥ ለተሳፋሪ ሁሉ ከፈተው።

«ልጄ እኮ ናት!» አለ አንዱን።

ሰውየው በመስታወት ፊቱን አየው። «ሂድ ወዲያ! ይቺማ የኛው ልጅ ናት። አነጋገሯን አትሰማም?»

አባትየው ይሄን ቤት መጥቶ ሲያወራ እየሳቀ ጀመረ፤ መጨረሻው ላይ ግን ሳቁ የት እንደገባ አልታወቀም።

ጠጠር ለዝግጅት ሌላ ከተማ ሄዳ ሳለ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የእናቷ እጅጌ መተኮሻው ውስጥ ገባ። ባልደረቦቿ «እጅሽን! እጅሽን!» ብለው ጮኹ። ማን ሰምቶ። ማሽኑን እስኪያጠፉት ግራ እጇን ይዟት ገባ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥበው የኖረችው አንሶላ ላይ አስተኟት።

ጠጠር የመድረክ ቅባቷን እንኳ በቅጡ ሳትጠርግ ደረሰች። እናቷ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከአንጓዋ በታች ምንም ሳይኖር ተጋድማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ልጇን ስታይ ግን ፈገግ አለች።

«አታልቅሺ። ቀኜ ደህና ነው» አለችና ቀኝ መዳፏን ዘረጋች። «ያንን ሰው ሁሉ ያበደለትን ዘፈን እስቲ አሰሚኝ።»

ጠጠር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን መዳፍ የራሷ ጉሮሮ ላይ አደረገችው። ዘፈነች። ድምፁ እንደ ዘይት ፈሰሰ፤ በር ላይ ያለፈች ነርስ ቆም ብላ አዳመጠች። እናትየው ግንባሯን ቋጠረች፤ ጣቶቿን አጥብቃ ጫነች፣ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ አደረገች። ከመዳፏ ሥር የሚዘል ነገር አልነበረም። ንዝረት ብቻ፣ እንደ ማቀዝቀዣ።

ጠጠር አቋረጠችው። ትንፋሿን ሰብስባ የአንሶላውን ዘፈን አነሳች።

«ተክልዪው… ችመኪው…»

ቆመች። ደገመችው። «ተ… ተክ…» አንገቷ እስኪገተር ገፋች፤ የወጣው ሳል ነው። አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጠጠር እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ሳለች።

እናትየው መዳፏን ሳታነሳ በትዕግሥት ጠበቀች።

«በይ እንጂ» አለች በመጨረሻ፣ «ጉሮሮሽን ጠርገሽ ከጨረስሽ ጀምሪ።»