ከአረንጓዴው ጨርቅ ስር

ልጄም ምራቴም የዓይን ሐኪሞች ናቸው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ አንድ ኮሪደር ላይ፣ በር ለበር ሆነው ነው የሚሠሩት። ጎረቤቶቼ «አንቺማ ምን ጎደለሽ፣ ዓይንሽን ሁለት ዘበኛ ይጠብቀዋል» ይሉኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። እየሳቅኩ ግን የሚያናግረኝን ሰው ፊት አጥርቼ አላየውም ነበር።

እንዴት አልነገርሻቸውም ትሉኝ ይሆናል፣ ልጆቼ። ልጄ በየማታው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እራቱን ይበላል። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲመረምር የሚውል ሰው የእናቱ ዓይን ቢታመም አያጣውም ብዬ ነዋ! ዝም ካለ ደህና ነኝ ማለት ነው አልኩ። አምፖሉ ነው የደከመው፣ መስኮቱ ነው ያልተወለወለው እያልኩ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ምራቴ ከሥራ ስትገባ እኔ ሳሎን በር አጠገብ ቆሜ ከእንግዳ ጋር ሰላምታ ላይ ነኝ። «እንደምን ዋልክ አባቴ፣ ግባ እንጂ፣ ምነው በር ላይ ቆምክ?» እላለሁ። እንግዳው አይመልስም። ምን ዓይነት ኩራተኛ ነው ብዬ ልቀየመው ስል ከኋላዬ መጣች።

«እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከዚህ ሰውዬ ጋር ነዋ።»

«ኧረ እማዬ፣ እሱ'ኮ ካፖርት ነው!»

የልጄ ካፖርት ኖሯል፣ መስቀያው ላይ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ የእሷ ሳቅ ቀድሞ አለቀ። አገጬን በእጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና ዓይኖቼን ተራ በተራ አየቻቸው። «አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን!» አለች ለራሷ።

የዓይን ሞራ ነው ተባለ፣ በሁለቱም። አንዱ መጀመሪያ ይሠራል፣ እሱ ሲድን ሌላው። ማን ይሥራት ሲባል ልጄ እጁን አነሳ። «እኔ የለሁበትም። የእናት ዓይን ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ቀስበል ይሥሯት።» ጋሽ ቀስበል የክሊኒኩ ባለቤት ናቸው፣ ልጄን ያስተማሩት አዛውንት ሐኪም። ለታካሚውም፣ ለነርሷም፣ መኪና ለሚያቆመውም «ቀስ በል» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው።

እኔ ግን «የምራቴን እጅ ነው የምፈልገው» አልኩ። ስለ እሷ እጅ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የማይወራ የለም። ሥራውን ያለማመዳት ልጄ ነበር። አሁን ግን ሰው እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሞ «እባካችሁ ለሴቷ ሐኪም አድርጉኝ» እያለ ይለምናል። ልጄ ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል። እናት ነኝና የትኛው ፈገግታ ከጥርስ እንደማያልፍ አውቃለሁ።

«እኔስ ብሆን ልጅዎ አይደለሁ?» አለችኝ ምራቴ።

«አንቺ ምራት ነሽ። የምራት እጅ አማቷ ላይ አይንቀጠቀጥም፣ እንዲያውም ይበረታል!» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ።

እንግዲህ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ይሄ ቀዶ ሕክምና እንቅልፍ የለውም። ዓይኑን ብቻ ነው የሚያደነዝዙት። በጀርባችሁ ያስተኟችሁና ከራስ እስከ ወገባችሁ አረንጓዴ ጨርቅ ያለብሷችኋል። ጨርቁ አንድ ቀዳዳ አለው፣ በዚያ ዓይናችሁ ብቻ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እናንተ ሰው አይደላችሁም፣ ዓይን ናችሁ። መናገር የለም፣ መነቃነቅ የለም። ጆሯችሁ ግን እንደ ጉድ ይሰማል።

የእኔ ተራ ከሰዓት ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ ደም ግፊታቸው አልወርድ ስላለ ነርሷ እኔን አስቀድማ አስገባችኝ። ምራቴ ከራሴ በላይ ተቀምጣ ሥራዋን ጀመረች። አንዳች ነገር ዓይኔ ውስጥ ዚዚዚ ይላል። ብርሃን ብቻ ነው የማየው፣ የሚዋኝ ብርሃን። ነርሷ የጎደለ ነገር ልታመጣ ወጣ አለች። በዚያው በሩ ተከፈተ። እርምጃውን አወቅኩት። ልጄ ነው።

«ትናንት የጀመርነውን እንጨርሰው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዶክተር፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ የት ላግኝሽ? ቤት እማ አለች።»

«ዶክተር!»

«አንድ ነገር ብቻ ነው። የእማ ሁለቱም ዓይኖች እስኪያልቁ እንደ ባልና ሚስት እንቆያለን። ከዚያ አንቺ ወደ አዲሱ ሆስፒታልሽ፣ እኔ እዚሁ። የምነግራት ራሴ ነኝ። ተስማማን?»

አልመለሰችለትም። ዚዚዚው ግን አልቆመም። ዝምታዋን እሺታ አድርጎት ነው መሰለኝ ጠጋ አለ። ማይክሮስኮፑ ላይ ለተመልካች የሚሆን ሌላ መመልከቻ አለ። ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ተሰማኝ።

«ውይ! ይሄ ሞራማ ጠንክሯል፣ ቡናማ ሆኗል'ኮ። እኚህ ሰው ልጅ የላቸውም እንዴ? ማነው እስከዚህ ድረስ የተዋቸው?»

«አለኝ» ልል አፌ ተከፈተ። መናገር የለም ተብያለሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። ወልጄ ያሳደግኩት ልጅ ዓይኔን እንደ ሰሃን አስፍቶ እያየ አላወቀኝም።

«ጥሩ እየሄደልን ነው፣ አይዞዎት» አለች ምራቴ። ይሄ ለእኔ ነው። «አሁን ውጣልኝ» አለች። ይሄ ለእሱ ነው።

በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሳልኝ ዓለም ሁለት ሆነችብኝ። በአዲሱ ዓይኔ ግድግዳው ነጭ ነው፣ ሰማያዊ ነገርም ይመታዋል። እሱን ሸፍኜ በአሮጌው ሳየው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። የቱ ነው ግድግዳው? ልጄን አየሁት፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል። መቼ? ምራቴን አየኋት፣ የዓይኗ ቆብ አብጧል። ይሄስ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከሁሉም ግራ ያጋባኝ ጠባያቸው ነው። የሚለያይ ሰው አይኮራረፍም? በር አይወረውርም? ልጄ በየጠዋቱ ከእሷ ቀድሞ ወጥቶ የመኪናዋን መስታወት ይወለውላል። የሚፋታ ሰው መስታወት ይወለውላል እንዴ? እሷ ደግሞ ቢያመሽ እራቱን በሰሃን ከድና ታስቀምጥለታለች። «ጨው አቀብለኝ»፣ «እንኪ»፣ «አመሰግናለሁ»። ምናልባት የሰጡኝ መድኃኒት ነው ያቃዠኝ አልኩ። ግን «እማ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ብጠይቃቸው ሊነግሩኝ ነው፣ ከነገሩኝ ደግሞ ያለቀ ነገር ይሆናል። ምራቴን ላጣት ነው። ካፖርቱን ከሰው የለየችልኝ ልጅ ልትሄድብኝ ነው።

ቆይ፣ ሁለቱም ዓይኖች እስኪያልቁ አይደል ያለው? እንግዲያው አያልቁም!

መጀመሪያ ጉንፋን ያዘኝ አልኩ። ምራቴ ደረቴን አስመርምራ ንጹሕ ነው አለችኝ። ቀጥሎ ወገቤን አመመኝ፣ በጀርባዬ መተኛት አልችልም አልኩ። ትራስ አመጣችልኝ። በመጨረሻ ሁነኛውን ዘዴ አገኘሁት፣ ደም ግፊት። ከመለካቴ በፊት የክሊኒኩን ደረጃ ወጣ ወረድ፣ ወጣ ወረድ እላለሁ። ነርሷ መለኪያውን አይታ «ኧረ እማማ፣ ሮጠው ነው እንዴ የመጡት?» ትለኛለች። «ኧረ በታክሲ ነው» እላታለሁ እያለከለኩ። ቀጠሮው ይተላለፋል።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጋሽ ቀስበል ያዙኝ።

«ቀስ በዪ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ስፖርት።»

«በዚህ ቀሚስ?»

ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር ደግሞ እንባዬ። ደረጃው ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ቀስበል መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ከዚያ ጨርቅ ስር ያለ ሰው እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን» አሉ። «እያወቅን እንረሳዋለን። እኔ ራሴ እዚያ ላይ ሆኜ ያላወራሁት ጉድ የለም። አንቺ ግን ማንን ነው ያሰርሽው? አዲሱ ሆስፒታል የዓይን ክፍሉን እንድትመራ ነው የጠራት። እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልገባች ሌላ ሰው ይወስዳሉ። የልጄ ቤት እንዳይፈርስ እያልሽ የልጅቷን ዕድል እንዳታፈርሺባት።»

«የልጄንስ ዕድል?»

«የእሱንም።»

ይሄን አላውቅም ነበር። እኔ የማስቀራት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየጎዳኋት ኖሯል። ግን ልልቀቃት? ልያዛት? የቱ ነው ለእናት የሚገባው? እስኪ እናንተው ፍረዱ፣ እኔን ከፍርዱ አውጡኝ።

በዚያው ወደ ምራቴ ምርመራ ክፍል ገባሁ። ነርሷን «ልጄን ጥሪልኝ» አልኳት። ሁለቱም ፊቴ ቆሙ፣ በነጭ ጋዋን፣ እንደሚገሠጹ ተማሪዎች።

«ሥራ ላይ ሳለች ገብተህ ስለ መለያየታችሁ ያወራህ ቀን» አልኩ፣ «ከጨርቁ ስር የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ልጄ አልገባውም። «የቱ ቀን?»

«ልጅ የላቸውም እንዴ ያልክ ቀን።»

በመርማሪው ወንበር ላይ ሳይሆን በታካሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«እጄ ዓይናቸው ውስጥ ነበር! ምን ልበል? እናትህ ናቸው ብልህ እሳቸው ይደነግጡ፣ አንተ ትደነግጥ፣ እኔስ? ሁለት ጊዜ ዶክተር አልኩህ!»

«ሁልጊዜ'ኮ ዶክተር ነው የምትዪኝ።»

«በቃ» አልኳቸው። «ሁለተኛውን ሥሩልኝ። ከእንግዲህ ደረጃ አልወጣም። በእኔ ዓይን ምክንያት ማንም ታስሮ አይቀመጥ። ሂጂ ልጄ፣ ክፍልሽን ምሪ። አንተም ና ካለችህ ሂድ፣ ካላለችህ ቅር።» ልጄ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝና አገጬን መሣሪያው ላይ አስደገፈኝ። ብርሃኑን አብርቶ ዓይኔን ያይ ጀመር። ምርመራ አይመስልም፣ በጣም ቆየ። ምን እንዳየ አልነገረኝም።

ቀኑ ደረሰ። ደም ግፊቴን ነርሷ ለካችኝ። «ዛሬማ የልጃገረድ ነው» አለችኝ። ተኛሁ። ጨርቁ መጣ። ምራቴ ተቀመጠች፣ ወንበሯ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። ብርሃኑ በራ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ዚዚዚ የለም፣ የመሣሪያ ድምፅ የለም። ትንፋሿ ብቻ።

«አልችልም» አለች። ጓንቷን ስታወልቅ ጠስ አለ። «ዛሬ አይሆንም። ግፊታቸው ከፍ ብሏል በሏቸው።»

በሏቸው! እኔ'ኮ እዚሁ ነኝ!

እንደ ወትሮው በሁለት መኪና አልሄድንም፤ ሦስታችንም በልጄ መኪና ተሳፈርን። እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የእሷ መኪና ምን ሆኖ እንደቀረ አልጠየቅኩም። መንገዱን ገሚስ ያህል ሄድን። ከዚያ ልጄ ጀመረ።

«ለምን ተውሽው?»

«ያን ጊዜ ዓይን ብቻ ነበር ያየሁት። ዛሬ እሳቸው እያዩኝ ነበር። እጄን አላመንኩትም። አንተ ሥራው።»

«እናቴ ናት!»

«ለእኔስ ምኔ ናቸው? ንገረኝ እስቲ!»

«ወሩ ሊያልቅ ነው፣ ቦታውን ታጪዋለሽ።»

«ቸኩለህልኛል!»

«እኔ ነኝ የቸኮልኩት? አንድ ቀን እንኳ አብረን እንሂድ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተስ አንድ ቀን ልምጣ ብለህ ታውቃለህ? ሰው ሁሉ ለሴቷ ሐኪም ሲል እንደ ድንጋይ ዝም ትላለህ። ልሂድ ስልህ መልካም ዕድል አልከኝ። መልካም ዕድል! እንደ ጎረቤት!»

«ምን ልበል ታዲያ? ያስተማርኩሽ እኔ፣ ከኋላሽ ቦርሳ ይዤ ልከተል?»

«እሱን ነው የምልህ! ይኸው ተናገርከው! እስከ ዛሬ የት ደብቀኸው ነበር?»

ልጄ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። ከኋላችን የነበረው ሾፌር ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ። እነሱ አልሰሙትም። እሷ ታለቅሳለች፣ ታለቅስና ትሳደባለች። እሱ መሪውን በመዳፉ ይመታል፣ ይመታና «እሺ፣ ቀጥዪ» ይላል። ክፉ ቃል ሲወረወር ልቤ ይወድቃል፣ ደግሞ እንዲያቆሙ አልፈልግም። ምን ማለት ነው ይሄ? መለያየት ነው? መታረቅ ነው? ወሩስ ሲያልቅ ማን የት ይሆናል? በአንዱ ዓይኔ ጥርት ብለው፣ በሌላው በጭጋግ ውስጥ ሆነው አያቸዋለሁ። በሁለቱም አልገባኝም።

ቤታችን ሁለት መታጠፊያ ነበር የቀረው። ልንደርስ ነው አላልኳቸውም፣ ይጨርሱት ብዬ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስተካክዬ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።