የሚናገረው ሶፋ

ነፍሱን ይማርና፣ ሶፋ ሠሪው በዚህች ምድር ላይ አንድ ጠላት ብቻ ነበረችው። እሷም ድመት ነበረች። ባለቤት የላት፣ ስም የላት፣ አንድ ጆሮዋ የተተለተለ፣ ጅራቷን እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ አቁማ የምትሄድ ግራጫ የመንገድ ድመት።

ጠቡ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። እሱ ሲለፋበት ሰንብቶ ያለበሰውን ወንበር፣ ምሳ በልቶ እስኪመለስ ድረስ ጥፍሯን ትስልበታለች። ያን ጊዜ መጥረጊያ ይወረወራል፣ ጫማ ይወረወራል፤ አንድ ቀን እንዲያውም፣ ጎረቤቱ በያጅ እንደሚምለው፣ የሻይ ብርጭቆ ከነሻዩ ተወርውሯል። ድመቷ ውርወራውን እንደ ዝናብ ጥግ ይዛ ታሳልፈውና ሲያባራ ተመልሳ ትመጣለች።

«ይቺ ሌባ አንድ ቀን ከእንጀራዬ ታፈናቅለኛለች» ይላል።

«ከእንጀራህ የሚያፈናቅልህ ችኮላህ ነው» ትለዋለች ሚስቱ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

በዚያች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ እንጨቱ፣ ሞላውና ስፖንጁ የሱ፤ ጨርቁና ክሩ የሷ ነበር። በመካከላቸው አንድ ሕግ አለ። የሶፋው ሆድ በጥቁር ጨርቅ ከመዘጋቱ በፊት ሚስት እጇን አስገብታ ውስጡን ትዳብሳለች። ሕጉ የወጣው ሰውዬው የገዛ መነጽሩን ሶፋ ውስጥ ዘግቶበት፣ ሰፈሩን ሁሉ «መነጽሬን ያየ» እያለ ሲያስቸግር ከከረመ በኋላ ነው። መነጽሩ የተገኘው ደንበኛው «ሶፋው ይቆረቁራል» ብሎ ሲመልሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷ እጇን ባስገባች ቁጥር እሱ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን ያዞራል።

የዚያን ቀን መውጣት የነበረበት የዳይሬክተሯ ሶፋ ነው። ዳይሬክተሯ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ተገላግሏቸዋል፣ ሰፈሩ ግን ገና አልተገላገለም። ከሰፈሩ ሰው ግማሹን አስተምረዋል፣ ግማሹን ቀጥተዋል፤ ሶፋ ሠሪውን ሁለቱንም አድርገውታል። እሳቸው ያመሰገኑት ባለሙያ ደንበኛ ያጨናንቀዋል። ያማረሩበት ደግሞ ሌላ ሰፈር ቢፈልግ ይሻለዋል፤ አንድ አናጺ ይኸው ደርሶበታል። ከሰዓት በኋላ አዳዲስ አማቶቻቸው ቤታቸውን ሊያዩ ስለሚመጡ «ሶፋዬ ከነሱ በኋላ ከደረሰ፣ አንተው ትቀመጥበታለህ» ብለውታል።

ሶፋው ጨርቅ እስኪመጣለት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ጥግ ላይ ተኝቶ ሰንብቶ ነበር። አሁን ለብሶ አምሮበታል፤ የቀረው ሆዱን መዝጋት ነው።

«ቆይ፣ እጄን ላስገባ» አለች ሚስቱ።

«ትናንት አይቼዋለሁ።»

«ትናንት ትናንት ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ መነጽሬ ይኸው ዓይኔ ላይ ነው! ሌላ ምን ልዘጋበት ነው?» አለና ስቴፕለሩን አንሥቶ፣ ጠ ጠ ጠ እያደረገ፣ ዙሪያውን መትቶ ጨረሰው።

የመጨረሻውን እንደመታ ድመቷ ከውጭ ገባች። ጥቁሩን ጨርቅ አሸተተች። ሶፋውን ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው። ከዚያ ሰውዬው ፊት ቁጭ ብላ አፏን ከፈተች፤ ከዚያች ትንሽ ገላ ይወጣል የማይባል ጩኸት ወጣ።

መጥረጊያው ተወረወረ። ጎኗን አገኛት። አልሸሸችም።

በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብቅ አለ። «ምን በድለሃት ነው? የከሳሽ ምስክር እኮ ነው የምትመስለው!»

«እየረገመችኝ ነው።»

«ለርግማን ሚስትህ ትበቃሃለች። ይቺስ ሌላ ጉዳይ አላት።»

ሚስት አንገቷን አሰገገች። «ሆዷ የት ሄደ?»

«የማን?»

«የድመቷ ነዋ! ሰሞኑን እርጉዝ ነበረች። ወልዳለች ማለት ነው።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! አሁን የድመት ሆድ ስለካ ልዋል?»

ሚስቱ ግልገሎቹን ፍለጋ የስፖንጁን ቁርጥራጭ ክምር ስታገላብጥ፣ ሶፋውን ሊወስድ የመጣው ፒክአፕ ጥሩንባውን ነፋ። ሰውዬውና በያጁ ሶፋውን ተሸክመው ጫኑት። ሰውዬው እንዳይንሸራተት ሊይዘው ከኋላ ወጣ። ድመቷም ተከትላው ዘለለች።

«ሁለት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?» አለ ሾፌሩ በመስኮት።

«ዝም ብለህ ንዳ!»

አሁን ጥፍሯን አውጥታ አዲሱን ጨርቅ ትተለትለዋለች ብሎ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቃት። እሷ ግን ጨርቁን አልነካችውም። የተቀደደ ጆሮዋን መቀመጫው ላይ ለጥፋ ተኛች፣ በር ላይ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ሰው። ሰውዬውን ቅር አለው። ምን እንደከፋው ግን ሊያውቅ አልፈለገም።

ሶፋው የዳይሬክተሯ ሳሎን ገባ፣ ድመቷ ከውጭ ተዘጋባት። ዳይሬክተሯ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ እየነዱ የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩት። ስህተት አላገኙም፤ ይህም ትንሽ ያስከፋቸው መሰለ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሚው» አለ ሶፋው።

ዳይሬክተሯ ብድግ አሉ። «ምን አለ?»

«ሞላው ነው፣ እትዬ» አለ ሰውዬው። «አዲስ ሞላ እስኪለምድ ድረስ ይናገራል።»

እንደገና ተቀመጡ። ሶፋው በሁለት ድምፅ መለሰላቸው።

«ሞላህ ከነወንድሙ ነው እንዴ የመጣው?» አሉ ዳይሬክተሯ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት። «ዕድሜዬን የጨረስኩት ውሸት ሳዳምጥ ነው። እንዲህ ያለ ደካማ ውሸት ግን አንተ ራስህ ልጅ ሳለህም አልዋሸኸኝም።»

ሰውዬው በሩን አየ። ሶፋውን ከከፈተው፣ ሳያይ እንደዘጋው በገዛ እጁ መመስከሩ ነው፤ ያውም በኚህ ሴትዮ ፊት፣ አማቶቻቸው በር ላይ ሊደርሱ ሲሉ። «ነገ መጥቼ አየዋለሁ» ብሎ መውጣት ይችላል። አፉን ሊከፍት ሲል የበሩ ሥር ተቧጨረ። ድመቷ መጮህ ትታለች፤ ዝም ብላ ትቆፍራለች። እንጨቱን በጥፍሯ ልትጨርሰው ቆርጣ ተነሥታለች።

ኮቱን አወለቀና ወለሉ ላይ ጣለው።

«እትዬ፣ በአንድ በኩል ይያዙልኝ። ልንገለብጠው ነው።»

«አሁን? እንግዶቼ እየደረሱ?»

«አሁን ነው እንጂ! አራስ በር ላይ ቆማብን!»

ዳይሬክተሯ ሳይወዱ በግድ ያዙለት። ሰውዬው ተንበርክኮ የመታውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀለ። ጨርቁ ሲገለጥ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ አራት ግልገሎች ሞላው ሥር ተደራርበው፣ አፋቸውን ከፍተው ተገኙ።

«በሩን ይክፈቱላት» አለ።

ድመቷ እንደ ባለቤት ገባች። ማንንም ዞር ብላ አላየችም። አንዱን ማጅራቱን ነክሳ አነሣች፣ ሳሎኑን አማተረች፣ ወለሉ ላይ ከተጣለው ኮት የተሻለ ስላላገኘች እዚያ አስቀመጠችው። የቀሩትንም በየተራ አመላለሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጮኸችው?» ጠየቁ ዳይሬክተሯ።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«አንተስ ምን መለስክላት?»

«መጥረጊያ።»

«ይቅርታ ጠይቃት።»

«እትዬ፣ ድመት እኮ ናት!»

«መንበርከኩንስ ተንበርክከሃል፤ ግማሹን ጨርሰሃል። የቀረህ መናገር ነው።»

ሰውዬው ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «በድያለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለ። ድመቷ ግልገል እየላሰች ነበርና ሥራዋን አላቋረጠችም።

አማቶቹ የደረሱት በዚሁ መካከል ነው። ሳሎኑን ሊመዝኑ ከመጡት አንዱ፣ የተከበሩ ሰውዬ፣ ሶፋው ሆዱን ዘርግፎ ቢያገኙትም፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከነክራቫታቸው በክርናቸው ተደግፈው ወለሉ ላይ ተጋድመው ግልገሎቹን ያያሉ። ሶፋ ሠሪው በዚህ ጸጥታ ተጠቅሞ ሶፋውን ዘጋ። መጀመሪያ ግን እስከ ብብቱ ድረስ እጁን አስገብቶ ዳበሰ፣ በሁሉም ጥግ። ዳይሬክተሯም ከዚያ በኋላ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ሶፋ እሱ ይሥራላችሁ፤ ስትረከቡ ግን ጆሯችሁን አስጠጉ» ይሉ ነበር። ደንበኛ አልጎደለበትም።

ወደ ወርክሾፑ የተመለሰው በእግሩ ነው። ነፋሱ ሸሚዙን አልፎ ይሰማዋል። ያቺን ድመት ስንት ጊዜ ስትጮህ ሰምቷታል! ምን ሆነሽ ነው ብሎ ግን ጠይቋት አያውቅም። የሚጮህበትን ሁሉ የሚሰድበው ይመስለው ነበር፤ ሚስቱንም ጭምር።

ሚስቱን አሁንም ስፖንጁን እያገላበጠች አገኛት።

«ተይው፣ ተገኝተዋል» አላት። «እጅሽን እንድታስገቢ መተው ነበረብኝ።»

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። አፏ ላይ የመጣላትን ጠየቀች።

«ኮትህስ? በዚህ ብርድ?»

«አራስ ተኝታበታለች» አለና ሻይ ሊያፈላ ገባ።