ዓርብ ጠዋት የሚሞሉ ባዶ ቦታዎች

የመጻፊያ ላባውን ቀለም ውስጥ ነከረ፣ አነሳ፣ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፣ እይልኝ እንዴት እንደሚይዘው፣ ዛሬ ሰው አለና አያያዙ ተለውጧል፣ ጢሙም ረጥቧል፣ ጸሐፊው ረቢ ኤልያኪም የመንጻት ገንዳው ውስጥ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው፣ ዛሬ። ዛሬ ምን ሊያደርግለት? የቀሩት የኦሪቱ መጨረሻ ጥቂት ፊደላት ናቸው፣ ጠርዛቸው ተስሎ ሆዳቸው ባዶ የተተወ፣ እንግዶቹ አንድ አንዱን ሞልተው በረከት እንዲያገኙ፣ ታላቁ ስም፣ የእግዜር ስም፣ እዚያ ውስጥ የለም፣ ይህን ሸብታይ እንኳ ያውቃል፣ አንድ ፊደል ከሌላው የማይለየው ሸብታይ፣ የዐረቄ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ ይዞ በሩን ተደግፎ የቆመው። ለእንግዳ ታጠበ። ለስሙ ሳይታጠብ ከርሞ።

ውጭ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ጣሪያው ላይ የአምፖል ዘውድ የደፋ መኪና ዘፈን ይለቅቃል፣ ኦሪቱን በአራት በትር በተወጠረ የጨርቅ ድንኳን ስር አጅበው እየጨፈሩ እስከ ምኩራቡ ሊወስዱት፣ ሙሽራ ነው ይላሉ፣ ሙሽራ። ሬሳ ነው እንጂ። ሬሳ መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ያ ርጥብ ጢምና ይህ ትሪ ያዥ።

ሸብታይ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ክፍል ብራና ፍቋል። ቆዳ ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ ያለሰልሳል፣ ያቀብላል፣ ጥጉ ላይ ቁጭ ይላል። ዝም። አባቱ ከኩርዶች ተራራ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ዝምታ ነው፣ ሌላ ውርስ የለም። ማንበብ አይችልም፣ ባዶ ቦታ ግን ያያል፣ ረቢው ሳምንቱን ሙሉ ሲጽፍ ስሙ የሚገባበትን እየዘለለ ነው፣ ብራናው ጥርሱ የወላለቀ አፍ ይመስላል፣ ዓርብ ጠዋት ታጥቦ፣ ጸጉሩ እየተንጠባጠበ ይመጣና አንድ በአንድ ይሞላቸዋል፣ ከእያንዳንዱ በፊት ድምፅ አውጥቶ፣ ለስሙ ቅድስና እጽፋለሁ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ቢገባ ቀና አይልም። ያ ቃል ካልተባለ መጽሐፉ ቆዳ ነው፣ የበግ ቆዳ። አይጠገንም ደግሞ። ሌላ ቃል ቢበላሽ በምላጭ ይፋቃል፣ ስሙን ግን ማን ደፍሮ ይፍቃል፣ መጽሐፉን መቅበር ነው፣ እንደ ሰው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ቃል ሰምቶ ሰምቶ፣ ዓርብ ማለት ለሸብታይ ያ ድምፅ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ቀረ። መጀመሪያ የረቢው ጸጉር ደረቀ፣ ሳይታጠብ መምጣት ጀመረ። ቀጥሎ አፉ። ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሃል ቀርቅሮ፣ የልጁ ሰርግ ነዋ፣ አይ ክብ ጠረጴዛ ነው ያልኩህ፣ አበባውን ነጭ፣ ነጭ ብያለሁ፣ የምን ሮዝ ነው የምታመጣብኝ፣ እጁም ይሞላል፣ አንድ ጥርስ፣ ሁለት ጥርስ፣ ነጭ አበባ፣ ሦስት ጥርስ። እንዲህ እያደረገ ክረምቱ አለፈ።

ይኸው ሰው ነው እኮ ለዚያው ሰርግ መጥሪያ ሲያሳትም አታሚው ላይ በር ዘግቶ የጮኸው። ስሙን እንዴት ሙሉውን ትጽፋለህ፣ መሃሉን በሰረዝ ቁረጠው፣ ሰው ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ ቢጥለውስ፣ እግዜርን አትፈራም? አታሚው ላብ በላብ ሆነ። ለመጥሪያ ወረቀት። ለወረቀት የሚፈራ፣ ለብራና የማይፈራ፣ ቱ።

አንተስ? ይለዋል የገዛ ልቡ።

ዝም በል አንተ ደግሞ። ሸብታይ ትሪውን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውራል። ብናገር ማን ሊያምነኝ፣ ብራና ፋቂ፣ ስሙን ሲፈርም በአውራ ጣቱ የሚያትም፣ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ ደግሞስ ፍሬሐ፣ ፍሬሐ ምን ትሁን፣ እዚያ ከሴቶቹ ጋር በምርኩዟ ቆማለች፣ ያን አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ አንድ ልጅ ነበራት፣ አሚራም፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተር ሳይክል በላው፣ ዘር አልተወ፣ ኦሪቱን ያስጻፈችው በሱ ስም ነው፣ በየሰንበቱ ሲነበብ ልጄ ተጠራ ልትል። ልቧ ደካማ ነው፣ ሌላ እስኪጻፍ ዓመት ከምናምን፣ አትደርስም። ደስ ብሏት ትሙት። እንዲህ እያለ ነው ክረምቱን የተኛው። መተኛት ካሉት።

አንዱን ፊደል የምኩራቡ አስተዳዳሪ መኽሉፍ ሞላ፣ ላቡን ጠረገ፣ ምራቁን ዋጠና ሰዉን ዞሮ አየ። ወዳጆቼ፣ ይህን ኦሪት በኮምፒውተር አስመርምረነዋል፣ ከፊደል ፊደል፣ እንከን የሚባል የለውም! እልልታ። ኮምፒውተር። ኮምፒውተር ጆሮ አለው? ዓይን ብቻ ይዞ፣ እንደናንተው። ዐረቄ አምጣ ሸብታይ፣ አለው መኽሉፍ፣ ምን ተገትረሃል፣ እንደ ሐውልት።

ቆይ፣ አለች ፍሬሐ። የልጄ ፊደል ቀርቷል። ሴት አትጽፍም ካላችሁኝ እኔ የምወክለው ሸብታይን ነው።

ሳቅ። ማን? ሸብታይን? ኧረ ፍሬሐ እሱ እንኳንስ ፊደል መጻፍ የአውቶቡስ ቁጥርም ሰው ነው የሚያነብለት! ሳቁ፣ እናንተ የቃል ሆዳሞች፣ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ቆዳውን የፋቀው እሱ ነው፣ አለች፣ ልጄ የሚያርፍበትን አልጋ ያነጠፈው እሱ፣ ይሙላ።

ትሪውን ተቀበሉት። እጁን አስታጠቡት። የረቢው ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አቧራውን የጠረገው ወንበር፣ ሙቅ ነው፣ ያስጠላል ሙቀቱ። ላባው ቀላል ነው። ፊደሉ ከፊቱ ሆዱን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ቤት ይመስላል፣ ጣሪያ የሌለው ቤት። ወደ ላይ ሦስት አራት መስመር፣ እዚያ የተሞሉት ጥርሶች፣ ቀለማቸው ከሌላው ትንሽ ይጠቁራል፣ ለሚያውቅ። ነጭ አበባ። ክብ ጠረጴዛ።

ረቢ ኤልያኪም እጁን በእጁ ላይ ጫነ፣ አይዞህ ሸብታይ፣ እኔ እመራሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ከኔ በኋላ በል፣ ለኦሪት ቅድስና እጽፋለሁ።

በል እንጂ። ጮክ ብለህ። በልብህ አይበቃም፣ በአፍ ነው።

በአፍ ነው። በአፍ ነው አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ ሸብታይ እጁን ከረቢው እጅ ስር አወጣ፣ ላባውን ብራናው ላይ እንዳያንጠባጥብ አርቆ አስቀመጠ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ እጅ በንዴትም ቢሆን ብራና አያበላሽም።

ረቢ፣ እርስዎስ በአፍዎ ብለው ነበር?

ምን አልክ?

ዓርብ ዓርብ። ባዶዎቹን ሲሞሉ። እዚያ ጥግ ነበርኩ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን አልሰማሁም። አበባ ነው የሰማሁት።

መኽሉፍ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ረሳው። ሰክሯል፣ አለ አንዱ፣ ዐረቄውን ቀምሶታል። ረቢው ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም፣ እዩት፣ ጢሙን ይዳብሳል፣ ውሃው ደርቋል፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ በልቤ ብያለሁ አለ። በልቤ። ቀስ ብሎ፣ ለመስኮቱ። ሰዉ ሰማ። መኽሉፍ ወንበር ፈለገና ተቀመጠ። የውጩን ዘፈን ዝም የሚያሰኘው ጠፋ።

አበቃ። ተናገርኩ። ሸብታይ ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ እፎይ ሊል፣ ከሁሉም በላይ ሊቆም፣ ሲንቃቸው ያጠራቀመውን ንቀት ሁሉ አሁን ሊያፈሰው፣ ምርኩዙ ግን ወለሉን እየነካ ይመጣል፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሰዉ መንገድ ይለቅላታል፣ ረቢውን አላየችውም፣ ብራናውንም አላየች፣ ሸብታይ ፊት ቆመች። ስፌንጅ ትሸታለች፣ ዘይት፣ በየዓርቡ እቤቷ ጠብሳ በጨርቅ ጠቅልላ የምታመጣለት ያ ትኩስ ቀለበት ዳቦ፣ እዚያው ጥግ ተቀምጦ፣ ረቢው እየሞላ፣ እሱ እያላመጠ።

እና ሸብታይ፣ ዝናቡ ከጀመረ ነው ያልከው? አለችው። ስፌንጄን እየበላህ?