የሪቢው በሬ መዋያ

«በዚህ በኩል አቋርጪ ልጄ፤ ፀሐዩ ይገድልሻል!»

«አይሆንም አያ ሙህሲን። እኔ ካቋረጥኩ ስልኩም መሬቱን ቆርጦ ነው የሚስለው» አለች ሔራን፤ ስልኳን ከፊቷ ዘርግታ በግጦሹ ዳር ዳር መራመዷን ቀጠለች።

የዞብል ተራራ ሥር ፀሐይ አንዴ ከወጣች ምሕረት የላትም። ሽማግሌው ሙህሲን ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከኋላዋ ይከተላሉ። እሳቸውስ ምን ያድርጉ? ይኼ ሥራ ከመጣ ወዲህ የራያ ቆላ የማያውቀውን ጉድ እያየ ነው። በሬ ድሮ በጥርሱና በሻኛው ይገመት ነበር፤ ዛሬ የዋለበት ሜዳ ከሰማይ ፎቶ ይነሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከብት አድላቢዎች ማኅበሩ በሬ የሚያስረክበው ለአንድ ገዢ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ቆዳውን ወደ አውሮፓ ይልካል። አውሮፓ በበኩሉ «ከታኅሣሥ 2013 ወዲህ ደን ተመንጥሮበት በወጣ ግጦሽ ላይ የዋለ ከብት ቆዳውን አልቀበልም» ብሏል። ስለዚህ የማኅበሩ መዝጋቢ ሔራን የየበሬውን መዋያ ስልኳን ይዛ ትዞራለች። ስልኩ እሷ የሄደችበትን መስመር ይስልና ከሳተላይት ፎቶ ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያወጣል። አረንጓዴው በደህና ዋጋ ይጫናል፤ ቀዩ ሮቢት ገበያ ወርዶ ደላላ የሚጫወትበት ነው።

ከተነሳችበት የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተመልሳ ስትደርስ መስመሩ ገጠመ። ስልኩ ትንሽ አሰበና ቀላ።

«ምን አለሽ?»

«ቀይ ነው አያ ሙህሲን። በ2014 ዛፍ ተቆርጦበታል ይላል።»

ሙህሲን ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። በዚያ ዘመን ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ፣ ሔራንና እናቷ በላይነሽ በለበሱት ልብስ ወጥተው መጥተው የወደቁት እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። ከእነሱም ሌላ ብዙ ሰው። ሙህሲን ከአባታቸው የወረሱትን የግራር ጫካ በገዛ መጥረቢያቸው እየጣሉ ለአንዱ ዳስ፣ ለአንዱ ማገዶ አደረጉለት፤ የቀረውን ከሰል አክስለው በማሽላ ለወጡና ያን ሁሉ አፍ መገቡ። ሔራን ራሷ ስንት ሸክም ግራር ከዚህ ተሸክማለች! ጫካው ሲያልቅ ሣር በቀለበት፤ ሣሩን ከብቱ ጋጠው። ሳተላይቱ ቁርጡን ዛፍ እንጂ ድስቱን አላየም።

ከሙህሲን በሬዎች መካከል ቀንዱ የተንዠረገገው ዳልቻው የእናቷ ነው። በላይነሽ ከጦርነቱ በኋላ አንዲት ጊደር ገዝታ ለሙህሲን በሪቢ ሰጠች፤ ከብቱ የአንዱ፣ ግጦሹና ድካሙ የሌላው፣ የሚወለደው የጋራ። ጊደሯ ላም ሆና ከወለደቻቸው ዳልቻው የበላይነሽ ድርሻ ሆኖ እዚሁ አደገ። በዘንድሮው ዋጋ ከተሸጠ የተቃጠለው ቤቷ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ካልተሸጠ በላይነሽ በሰው ቤት ሌላ ክረምት ልትከርም ነው።

ሔራን ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ለአንዷለም ደወለች። እጇ በላብ ስለራሰ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ያዘችው።

«አንዱ፣ የዞብሉ ግጦሽ ቀላ።»

«የአያ ሙህሲን? አይ ዕዳ! የእናትሽ በሬ እዚያ አይደል እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ባለቤቷ ቆቦ ናት፤ እናትሽ ግቢ መዝግቢው! ለሪቢ ከብት ወረቀት የለው፤ ማን ይጠይቅሻል?»

«ዳልቻው እኮ የእናቴን ግቢ አይቶት አያውቅም።»

«በሬው ሄዶ ይመሰክራል?» ብሎ ሳቀ።

«አንድ ውሸት ከተገኘ ገዢዎቹ ማኅበሩን በሙሉ ነው የሚያባርሩት ብለን ሕዝብ ሰብስበን ያስተማርነውስ?»

«ከተገኘ ነዋ!» አለ አንዷለም፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ምንም አላልኩሽም። መኪናው ነገ ይጭናል፤ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ጆሯቸው እንደ ወጣት የሆነው ሙህሲን ሁሉን ሰምተዋል። ፊታቸው ፈካ።

«ይኸው መላው ተገኘ አይደል! ልጄ፣ የእኔንም አብረሽ እናትሽ ግቢ አስገቢያቸው። ሁሉም የበላይነሽ የሪቢ ከብት ናቸው በይ። እኔ እንደሆነ በሬዬን ወሰደችብኝ ብዬ አልከሳት!»

እውነቱን ለመናገር ሔራን ጎመጀች። እናቷ ቆርቆሮ ሥር ተኝታ ታየቻት፤ የኚህን ደግ ሰው ውለታ በአንድ ጣት ነካ መመለስ ታያት። ጣቷ ስልኩ ላይ ወርዶ የእናቷን ግቢ አወጣ። አረንጓዴ፣ የለመለመ አረንጓዴ።

ግን አልነካችውም።

«አያ ሙህሲን፣ አምና የላሟ ጥጃ ሲሞት ምን አድርገው ነበር?»

«ቆዳውን ገፍፌ ለእናትሽ አመጣሁላት። ሪቢ ነዋ! ሞተ ብሎ በአፍ ብቻ ማውራት የሌባ ነው።»

«እናቴ ቃልዎ ይበቃኝ ነበር ስትልዎትስ?»

«ይበቃሽ ይሆናል፤ እኔን አይበቃኝም አልኳት።» ሙህሲን ይኼን ብለው አፋቸውን ያዙ። የት ልታደርሳቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«አሁንም ለአውሮፓዎቹ ቆዳ ነው የምንልክላቸው፤ በአፍ ብቻ አይሆንም» አለች ሔራን። «ደግሞ ውሸቱ ከታወቀ የሚባረረው ሁሉም የማኅበሩ ሰው ነው፤ ጎብዬ ያለውም፣ ዋጃ ያለውም።»

«ስለዚህ ቀይ ነው የምትዪኝ?»

«ቀይ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ጫካዬን ለቁማር አልቆረጥኩትም፣ ሔራን!»

«አውቃለሁ! እኔ አይደለሁ እንዴ የበላሁት? ስልኩ ግን ይኼን የምጽፍበት ቦታ የለውም። እኔ ምን ላድርግ?»

ሙህሲን ወደ ከብቶቹ ሄደው ዳልቻውን በቀንዱ ገመድ አስገብተው እየሳቡ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንኪ። ሪቢው ይፍረስ። የእኔ መሬት ርጉም ከሆነ የእናትሽ ሀብት አብሮ አይረገም። ወላሂ አልቀየምሽም፤ ወስደሽ በደህና ሣር አብሊው።»

ገመዱን እጇ ላይ አኖሩና ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። ትከሻቸው ሲርገበገብ አየች። ከዚያ ሁሉ የራብ ቀን ይልቅ ይኼ ከበዳት።

ስልኩን አነሳች። ባለቤት፣ በላይነሽ። መዋያ፣ ዞብል ሥር። ቀይ። ላከችው። ቀጥላ የሙህሲንን በሬዎች ሁሉ እንደዚያው አድርጋ ላከችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ዳልቻውን ይዛ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ግጦሹ መሀል ገባች። ገመዱን ከቀንዱ ፈታች፤ ጠቅልላም መጥታ ለሙህሲን መለሰችላቸው።

«ምን መሆንሽ ነው?» አሉ ዘወር ብለው።

«በሬያችን እዚሁ ይደር አያ ሙህሲን። ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።»