በምሶሶው ራስ ላይ የቀረችው

ዮናዳብ ስለ ድልድይ ማስረዳት ይችልበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በጋ፣ ከጫግኒ ወረድ ብሎ በሚሠራው ድልድይ ላይ ምሶሶዎቹንና መሠረታቸውን የነደፈው እሱ ነው። ሠራተኞቹ ጉድጓዱ ለምን ያን ያህል እንደጠለቀ ግራ ገብቷቸው ሲያጉረመርሙ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሰበሰባቸውና ሳንቃ በሁለት በርጩማ ላይ አጋድሞ በርጩማዎቹን ይነቀንቅ ጀመር። ሳንቃው ወዲያ ወዲህ ተንሸራተተ እንጂ አልወደቀም።

«መሬት ሲንቀጠቀጥም እንዲህ ነው» አላቸው። «የላዩ ይንሸራተታል፤ የምሶሶው ራስ ሰፊ ከሆነ ግን አይወድቅም። መሠረቱን አሸዋው ላይ ብንተወው ደግሞ፣ አሸዋው ሲናጥ እንደ ውኃ ይሆንብናል። ዓለቱ ድረስ የወረድነው ለዚህ ነው። መሬት የተንቀጠቀጠ ቀን ከዚህ ምሶሶ የተሻለ ቦታ አታገኙም።»

ሌሎቹ ሳቁ። ፀጋነሽ ግን ከልቧ ሰማችው። የእንጅባራ ልጅ ናት፤ ሥራውን የምትቆጣጠር ወጣት መሐንዲስ።

ወር ሳይሞላ፣ ሁለቱ በመሰላል ምሶሶው ራስ ላይ ወጥተው ድልድዩን የሚሸከሙት አግዳሚ ቢሞች ያረፉባቸውን የላስቲክ ንጣፎች ሲመለከቱ ከመሬት ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። ወዲያው ምሶሶው ተንቀጠቀጠ። መሰላሉ ሊንሸራተት ሲል ፀጋነሽ ተንበርክካ አናቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቆይ፣ ያልፋል» አለችው።

ዮናዳብ አልቆየም። በላይዋ ተሻግሮ፣ ጣቶቿን በቦቲ ጫማው ረግጦ ወረደ። ስትጮህ ሰምቷታል፤ እግሩ ግን አልቆመለትም። መሰላሉ ከኋላው ሲወድቅ እንኳ ዞር አላለም። ዳገቱን ወጥቶ መንገዱ ጋ ሲደርስ መንቀጥቀጡ ቆሟል። ድልድዩ እንዳለ ነው። ፀጋነሽ እጇን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ብቻዋን ላይ ተቀምጣለች። ከታች የነበሩት ሠራተኞች ደግሞ እሱን ያዩታል።

ፎርማኑ ጋሽ ሽባባው መሰላሉን አንሥተው ወጡና አወረዷት። ሁለት ጣቷ ተሰብሯል። ዮናዳብን ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። እንደ ወትሮው «ኢንጂነር» አሉት፤ ምሳ ሲበሉም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ብርቱካን ገዝቶ እንጅባራ፣ እነፀጋነሽ ቤት ሄደ። በሩን የከፈቱት እናቷ ወይዘሮ ማናለብሽ ናቸው። ስሙን ሲነግራቸው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ለልጄ የደረስክላት አንተ ነህ? ግባ፣ ግባ የኔ ልጅ።»

ፀጋነሽ ከውስጥ ሆና አየችውና አቀረቀረች። እናቷ ፈርተው ሥራውን እንዳያስተዉአት፣ ጣቷን የመታት መሰላል እንደሆነና ዮናዳብ እንደረዳት ነግራቸዋለች። ትኩስ የድንች ወጥ ቀረበ።

«እስቲ ጸልይልንና እንብላ» አሉት ወይዘሮ ማናለብሽ።

ዐይኑን ጨፈነ። «አባት ሆይ» ብሎ ጀመረና ቀጣዩ ቃል ጠፋው።  ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ።

«እትዬ ማናለብሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ጣቷን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ረግጫት ነው የወረድኩት። ላይ ጥያት ሸሸሁ።»

ወይዘሮ ማናለብሽ የልጃቸውን በፋሻ የተጠቀለለ እጅ አዩ። ልጃቸው አላስተባበለችም። ጸሎቱን ራሳቸው ባጭሩ ጨረሱና ሳያዩት «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አሉት። በላ። 

ፀጋነሽ እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

«ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም ያልከን አንተ ነህ» አለችው። «እኔ አምኜህ ነው የቆየሁት። ሂሳቡ ስህተት አለበት እንዴ? እውነቱን ንገረኝ፤ ሰው ይሻገርበታል።»

«ልክ ነው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያኔ ሂሳቡ ትዝ አላለኝም። አንቺም ትዝ አላልሽኝም።»

ፀጋነሽ የአጥሩን በር ከፈተችለት። «ሰኞ ውጣና ንጣፎቹን እያቸው» አለችው። «እሷ የለችም ብለህ እንዳትተወው።»

ሰኞ ወጣ። ጋሽ ሽባባው «መሰላሉን እኔ እይዘዋለሁ፣ ውጣ» አሉት፤ አነጋገራቸው ደግ ነበር፣ እሱን ያቃጠለው ግን ይኸው ደግነታቸው ነው። ንጣፎቹ አልተላቀቁም፣ ምሶሶውም አልተሰነጠቀም። ከላይ ሆኖ «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ተናገረ። ከታች ሠራተኞቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ፀጋነሽ ከዳነች በኋላ ዳንግላ ሌላ ሥራ ያዘች። የቀለበት ጣቷ አልዘረጋ ብሎ ቀረ።

በዓመቱ ድልድዩ ሲመረቅ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ዮናዳብን ፈልጎ መጣና ትከሻውን ያዘው።

«መሬት የተንቀጠቀጠ ቀን አንተ ራስህ ምሶሶው ላይ ነበርክ አሉ!»

«እኔ ወርጄ ነበር» አለ ዮናዳብ። «ላይ የቀረችው ፀጋነሽ የምትባል መሐንዲስ ናት። ትቻት ነው የወረድኩት።»

ሰውዬው ትሕትና መሰለው። ስቆ ጀርባውን መታ መታ አደረገለትና አለፈ። ዮናዳብ ሊያስረዳው ተከተለው፤ ሰዉ ግን በመሃላቸው ገባ።